የቆርቆሮ ሥጋ በእርግጥ ከራሽን ውጭ ነበርን? በጦርነቱ ዘመን ብሪታንያ ስለነበረው የምግብ ምጣኔ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው እንግሊዝ አገር ነው። የአሥር ዓመት ልጄ በትምህርት ቤት ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እየተማረች ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ለአንድ ሳምንት በዚያን ጊዜ ራሽን ልክ እንዲመገብ የቤት ሥራ ተሰጥቷታል። ትኩስ ሥጋ በራሽን ይታደል እንደነበር፣ የቆርቆሮ ሥጋ ግን ከራሽን ውጭ ስለነበረ ሕዝቡ በእርሱ እንደኖረ ነግረዋታል። እኛ የአሳማ ሥጋ አንበላም፤ ረቡዕና ዓርብም እንጾማለን። ታሪኩን ሳናዛባ ምን ብናበላት ይሻላል? ለክፍል ማሳያ እንዲሆን ሥጋ ቀቅለን ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ልናሽግም አስበናል። ከዚህ ሌላ አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን በእናታቸው ጓዳ የተገኘ፣ ከጦርነቱ ዘመን የቆየ፣ ያልተከፈተ የሥጋ ቆርቆሮ ሰጥተውናል። በጨው የታሸገ ስለሆነ አይበላሽም ብለውናል። ብንከፍተው ችግር አለው?»

ምላሽ፦ ሊዘገይ የማይገባውን አስቀድሜ ልናገር። ጎረቤትዎ የሰጡዎትን ቆርቆሮ አይክፈቱት፤ ልጅዎም እንድትከፍተው አይፍቀዱላት። ምክንያቱን ወደ ኋላ በዝርዝር እመለስበታለሁ።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ፣ ለልጅዎ የተነገራት ነገር እውነት የሚሆነው ለጦርነቱ መጀመሪያ ዓመታት ብቻ ነው። የቆርቆሮ ሥጋ ያለ ኩፖን ይሸጥ የነበረው እስከ ዲሴምበር 1 ቀን 1941 ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ቀን በኋላ የቆርቆሮ ሥጋ፣ የቆርቆሮ ዓሣና የቆርቆሮ ባቄላ በተለየ መንገድ ራሽን ውስጥ ገብተዋል። ስለዚህ የቆርቆሮ ሥጋ ሕዝቡ ከራሽን የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበር ከማለት ይልቅ፣ ራሽኑ ራሱ እንዲሠራ ያደረገ መሣሪያ ነበር ማለት ይቀርባል። ይህን ለመረዳት ነገሩ ከየት እንደጀመረ ማየት ያስፈልጋል።

ብሪታንያ ከጦርነቱ በፊት በዓመት ወደ 20 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ ምግብ ከባሕር ማዶ ታስገባ ነበር። ከምትበላው ሥጋ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በመርከብ የሚመጣ ሲሆን፣ በአገር ውስጥ የሚረቡት ከብቶችም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ የሚመገቡት ከውጭ የመጣ መኖ ነበር። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ይህን መስመር ለመቁረጥ ሲነሡ፣ ከሁሉ በላይ ውድ የሆነው ነገር ገንዘብ ሳይሆን በመርከብ ላይ ያለው ቦታ ሆነ። ቤከን (በጨው የቆየ የአሳማ ሥጋ)፣ ቅቤና ስኳር ከጃንዋሪ 8 ቀን 1940 ጀምሮ ተመጠኑ፤ ትኩስ ሥጋ በማርች 11 ቀን ተከተለ።

የትኩስ ሥጋ አመጣጠን ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነበር፤ የሚመጠነው በክብደት ሳይሆን በዋጋ ነበርና። ለአንድ አዋቂ ሰው መጀመሪያ የተፈቀደለት በሳምንት የ1 ሺሊንግ ከ10 ፔንስ ሥጋ ነበር። አንድ ሺሊንግ 12 ፔንስ ስለሆነ ይህ 22 ፔንስ መሆኑ ነው። ሐሳቡ በደንብ የተጠና ነበር፤ ርካሹን የሥጋ ክፍል የመረጠች የቤት እመቤት ብዙ ክብደት ታገኛለች፣ ምርጡን የፈለገ ደግሞ ጥቂት ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ሥጋ ሻጩ ምርጡን ብቻ ሸጦ አጥንትና ጅማት የበዛበት ሥጋ አይቀርበትም። በ1941 የመርከቦቹ ጥፋት ሲበረታ ድርሻው እየቀነሰ ሄዶ 1 ሺሊንግ ከ2 ፔንስ ላይ ረጋ። ከእነዚህ 14 ፔንሶች ውስጥ ሁለቱ ደግሞ በኮርንድ ቢፍ እንዲወሰዱ ተደረገ። ይህን ልብ ይበሉ፤ የቆርቆሮው የበሬ ሥጋ በቀጥታ በትኩሱ ሥጋ ድርሻ ውስጥ ገብቶ ሰባተኛውን እጅ ይዟል ማለት ነው። ለልጅዎ ከተነገራት ጋር ፈጽሞ የማይገጥመው ይህ ነው።

ሌላው የቆርቆሮ ሥጋ፣ ማለትም ከአሜሪካ የሚመጣው ስፓምና መሰሎቹ፣ በነጥብ ሥርዓት ውስጥ ገቡ። ከዚያ በፊት የነበረው ሁኔታ ፍትሕ የጎደለው ነበር። ቆርቆሮው ያለ ኩፖን ስለሚሸጥ የሚያገኘው ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ለመቆም ጊዜ ያለው ወይም ለባለሱቁ የሚቀርብ ሰው ነበር፤ በፋብሪካ ውላ የምትመለስ ሴት ሱቁ የምትደርሰው መደርደሪያው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። መንግሥት ግን ቆርቆሮውን እንደ ስኳር ለእያንዳንዱ ሰው እኩል ሊመጥነው አልቻለም፤ ራሽን ቃል ኪዳን ነውና። ለሁሉም በየሳምንቱ ይህን ያህል ይደርሳል ብሎ ማወጅ የሚቻለው ለሁሉም የሚበቃ ሲኖር ብቻ ነው፤ የቆርቆሮው ዓሣ፣ ሥጋና ባቄላ ደግሞ ዓይነቱ ብዙ፣ የእያንዳንዱ መጠን ግን ጥቂት ነበር። መፍትሔ የሆነው ለእያንዳንዱ ሰው ለአራት ሳምንት 16 ነጥብ ሰጥቶ በየትኛውም ሱቅ፣ የፈለገውን ዕቃ እንዲመርጥ መፍቀድ ነበር። ሰዉ የሚሻማበት ዕቃ የነጥብ ዋጋው ይወደዳል፣ መደርደሪያ ላይ የሚቀረው ይረክሳል፤ በዚህ መንገድ ፍላጎትና ክምችት እንዲመጣጠኑ ይደረጋል። ገንዘቡም በተጨማሪ ይከፈላል፤ ነጥብ የመግዣ ፈቃድ እንጂ ገንዘብ አይደለም።

አሥራ ስድስቱ ነጥብ ምን ይገዛ ነበር? በአንድ ወቅት አንድ ቆርቆሮ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ ወይም 2 ፓውንድ (900 ግራም ያህል) የደረቀ ፍራፍሬ፣ ወይም ደግሞ 8 ፓውንድ (ከ3 ኪሎ ተኩል በላይ) የተከካ አተር። የአንድ ሰው የአራት ሳምንት ነጥብ በአንድ ጣሳ ሥጋ ሊያልቅ ይችል ነበር! ድርሻው በኋላ ከ20 በላይ የደረሰበት ጊዜ ቢኖርም፣ «ሕዝቡ በቆርቆሮ ሥጋ ኖረ» የሚለው አባባል ከዚህ ቁጥር ጋር አይሄድም። የቆርቆሮ ሥጋ ለብዙው ቤተሰብ በሳምንቱ ገበታ ላይ አልፎ አልፎ የሚታይ፣ ሲገኝም በስስ ተቆርጦ የሚከፋፈል ምግብ ነበር። ትዝታው የገነነው ስለበዛ ሳይሆን ከሌላው ምግብ ተለይቶ ስለሚታይ ይመስለኛል።

ለምን ቆርቆሮ ተመረጠ ለሚለው፣ ዋናው ምክንያት የመርከብ ቦታ ነው። የታረደ በሬ በመርከብ ሲጫን ከነአጥንቱ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ከዚያም በላይ ማቀዝቀዣ ያለው መርከብ ይጠይቃል፣ እንዲህ ያለው መርከብ ደግሞ ጥቂት ነው፤ አንዱ በሰጠመ ቁጥር የሚተካው በቶሎ አይገኝም። ኮርንድ ቢፍ ግን አጥንቱ ወጥቶ፣ ሥጋው ተቀቅሎ ብዙ ውኃው ተመጥጦለት፣ ተጠቅጥቆ የሚታሸግ ስለሆነ በየትኛውም ተራ መርከብ፣ በየትኛውም የአየር ጠባይ፣ እንደ ጡብ ተደርድሮ ይጓዛል። በኡራጓይ ወንዝ ዳር ያለችው ፍራይ ቤንቶስ ከተማ ስሟ በእንግሊዝ ጓዳ ሁሉ የታወቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ፋብሪካው በመጀመሪያ የተነሣው የሥጋ መረቅ አጥልሎና አወፍሮ ለመሸጥ ነበር፤ የቆርቆሮው ሥጋ ከዚያ ሥራ ጎን ለጎን ያደገ ምርት ነው። ቦታው በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስሙ «ኮርንድ» የሚለው ከበቆሎ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ በድሮው እንግሊዝኛ ለቅርጹ የእህል ፍሬ የሚያህል ጨው የሚያመለክት ነበር። አናቱ ጠበብ፣ ታችኛው ሰፋ ያለው የጣሳው ቅርጽ ከ1875 ጀምሮ ከቺካጎ የመጣ ሲሆን፣ ሥጋው ሳይሰባበር በአንድነት ተንሸራትቶ እንዲወጣ ታስቦ የተሠራ ነው።

ስፓምን በተመለከተ፣ በ1937 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በኦስቲን ከተማ ሆርሜል የተባለው ድርጅት ያወጣው ከአሳማ ትከሻና ጭን የሚዘጋጅ ምግብ ነው። በማርች 1941 የጸደቀው የአሜሪካ የብድርና የኪራይ ሕግ ወደ ብሪታንያና ወደ ሶቪየት ኅብረት የሚላከውን ምግብ ከፍ ሲያደርገው፣ ስሙ ለማንኛውም የአሳማ ቆርቆሮ ሥጋ መጠሪያ ሆነ፤ ብዙ ሰው ስፓም ብሎ የሚያስታውሰው የሌላ ፋብሪካ ምርት ሊሆን ይችላል። ወደ ሶቪየት ኅብረት የሄደው ደግሞ ቱሾንካ የሚባለው፣ በሩሲያውያኑ የአሠራር መመሪያ መሠረት በስብ፣ በሽንኩርት፣ በቁንዶ በርበሬና በቅጠል ቅመም አሜሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ወጥ መሰል ሥጋ ነበረበት።

ከሥጋው ሌላ ብረቱ ራሱ እጥረት እንደነበረበት ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጣሳው ውስጡ እንዳይዝግ በስሱ የሚለበጠው ቲን የተባለው ማዕድን በብዛት ይወጣ የነበረው ከማላያና ከኔዘርላንድስ ቅኝ ግዛት ኢንዶኔዥያ ሲሆን፣ ጃፓን በ1942 መጀመሪያ ወራት ሁለቱንም ያዘች። ለአሜሪካና ለብሪታንያ የቀረላቸው ዋና ምንጭ ቦሊቪያ ነበረች። ምግብ የተትረፈረፈባት አሜሪካ ራሷ በማርች 1943 የቆርቆሮ ምግቦችን በነጥብ ለመመጠን የተገደደችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እዚህ ላይ «ራሽን» የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ የሚሰጠው ስሜት ነገሩን እንዳያደናግርብን ማስጠንቀቅ እፈልጋለሁ። በደርግ ዘመን የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ሰልፍ ለቆመ ሰው ራሽን ማለት ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ጨው ተለክቶ በካርድ የሚሰጥበት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ምርጫ የለም። የብሪታንያው የስኳርና የቅቤ ራሽን ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ የነጥቡ ሥርዓት ግን በእኛ አገር አቻ አልነበረውም። በሌላ በኩል ደግሞ ራሽንን ከረኀብ ጋር አንድ ማድረግ ስሕተት ነው። በጀርመን ጦር በተከበበችው የሶቪየት ከተማ ሌኒንግራድ ከኖቬምበር 20 ቀን 1941 ጀምሮ ለሠራተኛ 250 ግራም፣ ለሕፃናትና ለሌላው ነዋሪ 125 ግራም ዳቦ ብቻ በቀን ይሰጥ ነበር፤ ዳቦውም ንጹሕ ዱቄት አልነበረም። ያ የሰው ሕይወት ያለቀበት ራሽን ነው። በብሪታንያ ግን በጦርነቱ ዓመታት ሁሉ ዳቦም ድንችም ያለ ኩፖን ይሸጡ ነበር፤ ዳቦ የተመጠነው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ከጁላይ 1946 እስከ ጁላይ 1948 ነው። ሥጋ ሙሉ በሙሉ ከራሽን የወጣው በጁላይ 1954 መሆኑ ብዙዎችን ያስገርማል። የልጅዎ መምህራን ራሽኑን «ረኀብ» ብለው ከገለጹላት ልዩነቱን ያስረዷት፤ ሰው ጠግቦ ያድር ነበር፣ የሚጠግበው ግን በዳቦ፣ በድንችና በካሮት ነበር።

የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው ምን ያደርግ ነበር ለሚለው፣ ሥርዓቱ ለዚህ ቦታ ነበረው። አይሁድና ሙስሊሞች የቤከን ድርሻቸውን ትተው በምትኩ ሌላ ምግብ ለመውሰድ ይችሉ ነበር፤ ሥጋ ጨርሶ የማይበሉ ሰዎች ደግሞ ተመዝግበው የሥጋ ኩፖናቸውን ሲመልሱ ተጨማሪ አይብ ይፈቀድላቸው ነበር። የኦርቶዶክስ ጾምን የሚመለከት ልዩ ደንብ ግን አልነበረም፤ የሚጾም ሰው ድርሻውን በሌሎቹ ቀናት አብቃቅቶ መብላት ነበረበት። ለልጅዎ የቅርብ ምሳሌ የሚሆናት፣ ራሽኑ በጃንዋሪ 1940 ሲጀመር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት በባዝ ከተማ በፌርፊልድ ሃውስ ይኖሩ የነበረ መሆኑ ነው፤ ወደ ካርቱም የተነሡት በዚያው ዓመት በጁን ወር ነው። የጾሙ ሥርዓትና የራሽኑ ካርድ በአንድ ቤት የተገናኙበት አጋጣሚ ስለሆነ፣ ክፍል ውስጥ ብታነሣው ከሌሎቹ ልጆች የተለየ ነገር ይዛ ትቀርባለች።

አሁን ወደ ምግቡ። የማቀርበው ከ1942 በኋላ የነበረውን አማካይ ነው፤ ቁጥሮቹ ከወር ወር ይለዋወጡ ስለነበር አንድ ብቸኛ ትክክለኛ ዝርዝር አለ ብለው አያስቡ። ለአንድ ሰው በሳምንት 57 ግራም ቅቤ፣ 113 ግራም ማርጋሪን፣ 57 ግራም የማብሰያ ስብ፣ 57 ግራም አይብ፣ 227 ግራም ስኳር፣ 57 ግራም ሻይ፣ አንድ እንቁላልና 113 ግራም ቤከን ይያዛል። ልጅዎ የአሥር ዓመት ልጅ ስለሆነች ከ5 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሰጠው ሰማያዊ የራሽን ደብተር ይመለከታታል፤ ይህም የአዋቂ ሙሉ የሥጋ ድርሻና በቀን ግማሽ ፓይንት (ከሩብ ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ) ወተት ማለት ነው። የቤከኑን ድርሻ ይተዉት፤ በምትኩ አይቡን ወይም ማርጋሪኑን ትንሽ ከፍ ያድርጉ። የ1 ሺሊንግ ከ2 ፔንሱ ሥጋ እንደ ክፍሉ ቢለያይም ግማሽ ኪሎ ያህል ብለው ይያዙት፤ ከእርሱ ውስጥ ሰባተኛው እጅ፣ ማለትም 70 ግራም ገደማ፣ ኮርንድ ቢፍ ይሁን። ኮርንድ ቢፍ የበሬ ሥጋ ስለሆነ ከአሳማው ጋር የተያያዘው ጥያቄ አይነሣበትም፤ ሆኖም ሥጋው በማን ቢላ እንደታረደ የምትጠነቀቁ ከሆነ በሱቅ ያለው የደቡብ አሜሪካ ምርት የክርስቲያን ሥጋ ስለመሆኑ ማረጋገጫ አይሰጥም፣ አንዳንዱም ለሙስሊሞች ታስቦ የታረደ መሆኑ በላዩ ይጻፋል። ይህ ከሆነ የቆርቆሮውን ድርሻ ከለመዱት ሥጋ ቤት በሚገዙት ሥጋ ይተኩትና ለውጡን ልጅዎ በማስታወሻዋ ትጻፈው።

የጾም ቀናቱን በተመለከተ ያለ ጥርጥር የምመክረው ነጥቡን በሙሉ በተከካ አተር ላይ እንድታውሉት ነው። አንድ ጣሳ ሥጋ የሚገዛው 16 ነጥብ ከ3 ኪሎ ተኩል በላይ የአተር ክክ ይገዛ ነበር ብያለሁ፤ ለአንድ የእኛ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አልነበረም። በአራት ሳምንት ሲካፈል ለአንድ ሰው በሳምንት ከ900 ግራም በላይ ክክ ይደርሳል፤ ረቡዕና ዓርብን ብቻ ሳይሆን ከዚያም በላይ ያበላል፣ ከሥጋው የማያንስ ፕሮቲንም ይሰጣል። ነገር ግን ወጡን እንደለመዱት ከሠሩት ታሪኩ ይጠፋል። ከ1940 አጋማሽ ጀምሮ ሽንኩርት ይመጣባቸው የነበሩት የፈረንሳይዋ ብሪታኒና የቻናል ደሴቶች በጀርመን እጅ ስለወደቁ፣ ሽንኩርት በብሪታንያ ከመጥፋቱ የተነሣ አንድ ፍሬ ለዕጣ ሽልማት ይቀርብ ነበር። ስለዚህ ቁሌቱን ይርሱት፤ ለመላው ሳምንት ለቤተሰቡ አንድ ሽንኩርት ይመድቡና በቀረው ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና ድንች ይጠቀሙ። ዘይትም በእንግሊዝ ጓዳ የተለመደ አልነበረም። የዚያን ጊዜው ማርጋሪን የዓሣ ነባሪ ዘይት ይገባበት ስለነበር ለጾም የሚሆን አይደለም፤ ዛሬ ከአትክልት ዘይት የተሠራውን፣ ወተት የሌለበት መሆኑን ከጽሑፉ አይተው፣ በዚያው ግራም ልክ ቢጠቀሙ ሥርዓታችሁም ልኩም ይጠበቃል። ያለ ቁሌትና ያለ ዘይት የተሠራ ክክ ወጥ ልጅዎ ስትቀምሰው፣ የዚያን ዘመን ሰው ስለ ሽንኩርት ለምን እንደዚያ ያወራ እንደነበር ያለ ማብራሪያ ይገባታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ልጅ በማደግ ላይ ስለሆነች ሳምንቱ የመራብ ልምምድ እንዳይሆን። ዳቦና ድንች አልተመጠኑም፤ እስክትጠግብ ትብላ። የትምህርት ቤት ምሳዋንም አይከልክሏት፤ በጦርነቱ ዘመን የትምህርት ቤት ምሳ ከልጁ ኩፖን የማይቀነስ፣ ተጨማሪ ምግብ ነበርና መብላቷ ታሪኩን አያፈርሰውም።

ሥጋ ቀቅሎ በመስታወት ዕቃ ማሸጉን በተመለከተ መልሴ አታድርጉት የሚል ነው። በዚህ ረገድ ያለው የተሳሳተ ግንዛቤ ከጎረቤትዎ አባባል ጋር አንድ ሥር አለው፤ የቆርቆሮ ሥጋ የሚቆየው በጨው ነው የሚል። እውነት አይደለም። ቋንጣ የሚቆየው ውኃው ስለወጣለት ነው፤ ተሕዋስያን ያለ ውኃ አይራቡም። የቆርቆሮ ሥጋ ግን ውስጡ እርጥብ ነው፣ ጨዉም ብቻውን የሚያስጠብቀው አይደለም። የሚያስጠብቀው ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው፤ ጣሳው አየር እንዳይገባበት ከተዘጋ በኋላ እስከ መሐሉ ድረስ በኃይለኛ ሙቀት መብሰሉ፣ ከዚያም መዘጋቱ ሳይፈርስ መቆየቱ። ይህን አሠራር በ1810 ይፋ አድርጎ ከፈረንሳይ መንግሥት 12,000 ፍራንክ የተሸለመው ኒኮላ አፔር ራሱ ለምን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር፤ ምክንያቱ የታወቀው ከፈረንሳዊው ሳይንቲስት ከሉዊ ፓስተር ምርምር በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ ነው። አየር በሌለበት፣ እርጥበት ባለበትና ኮምጣጣ ባልሆነ ምግብ ውስጥ ይራባል፤ የታሸገ ሥጋ ደግሞ ይህን ሁሉ ያሟላል። ዘሩ የፈላ ውኃን ለሰዓታት ሊቋቋም ይችላል። ለማጥፋት ምግቡ መሐል ላይ 121 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ለሦስት ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት፤ ይህን ሙቀት ያለ ከፍተኛ ግፊት ማግኘት አይቻልም። በተራ ድስት ውኃ ከ100 ዲግሪ አያልፍም፤ አዲስ አበባ ላይማ በከፍታው ምክንያት በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በድስት ቀቅሎ ማሸግ ሌሎቹን ተሕዋስያን ገድሎ ለዚህኛው ብቻ ምቹ ቤት መሥራት ነው። መርዙ ሽታም ቀለምም ላይኖረው ይችላል፤ ያጠቃው ሰው ዓይኑ ነገሮችን ሁለት አድርጎ ያያል፣ የዓይኑ ቆብ ይከብደዋል፣ መዋጥ ከዚያም መተንፈስ ያቅተዋል። በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ የቤት እመቤቶች በመስታወት ያሽጉ የነበረው በአብዛኛው ፍራፍሬ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ይህን ባክቴሪያ ስለማያሳድገው። ለክፍል ማሳያ ከሱቅ የተገዛ ያልተከፈተ የኮርንድ ቢፍ ጣሳ ከአንድ ዘለላ ቋንጣ ጎን ብታስቀምጥ፣ ሁለቱን የማቆያ ዘዴዎች አወዳድራ ለማስረዳት ይበቃታል።

አሁን ወደ አሮጌው ቆርቆሮ እመለሳለሁ። በእንግሊዛዊው ዊልያም ፓሪ የ1824 የአርክቲክ ጉዞ የተወሰደ የጥጃ ሥጋ ቆርቆሮ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1938 ተከፍቶ ሲመረመር፣ ሥጋው ለእንስሳት ተሰጥቶ ጉዳት አላደረሰባቸውም። ይህን ታሪክ ሰምተው የሚደፋፈሩ ሰዎች አሉ። ታሪኩ የሚያረጋግጠው ግን ያ አንድ ጣሳ በደንብ የበሰለና መዘጋቱ ያልፈረሰ መሆኑን ብቻ ነው፤ ስለ እርስዎ ጣሳ ምንም አይናገርም። መዘጋት ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ማየት ለሚሻ የ1964ቱን የአበርዲን ወረርሽኝ ማስታወስ ይበቃል። ከአርጀንቲና የመጣ አንድ ትልቅ የኮርንድ ቢፍ ቆርቆሮ ከተቀቀለ በኋላ የቀዘቀዘው ባልተጣራ የወንዝ ውኃ ነበር፤ ዓይን በማያየው ቀዳዳ የገባው ውኃ የታይፎይድ ተሕዋስ ይዞ ገባ፣ በሱቁ መቁረጫ ማሽን ወደ ሌሎች ሥጋዎችም ተዛመተ፣ ከ400 የሚበልጥ ሰው ታመመ። ጣሳው በውጭ ሲታይ ጤነኛ ነበር። የእርስዎ ጣሳ ደግሞ ሰማንያ ዓመት ገደማ ዝገት ሊበላው የቻለ ነው። ከዚህም በላይ የዚያን ዘመን ጣሳዎች የጎን ስፌታቸው የሚበየደው እርሳስ ባለበት ብየዳ ስለነበር፣ ሥጋው ከባክቴሪያ ነፃ ቢሆን እንኳ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እርሳስ ሊሰርግበት ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ልጆችን ይጎዳል፣ በማብሰልም አይጠፋም።

ስለዚህ ጣሳውን በሁለት መንገድ ይለዩት። ክዳኑ ወይም ታችኛው ወደ ውጭ ያበጠ፣ ፈሳሽ የሚያወጣ፣ ወይም ዝገቱ የበሳው ከሆነ በባዶ እጅ ሳይነኩ በጓንት አንሥተው በሁለት ወፍራም ላስቲክ ደራርበው ይቋጥሩትና ለአካባቢያችሁ ምክር ቤት የአካባቢ ጤና ክፍል ደውለው እንዴት እንደሚወገድ ይጠይቁ፤ እጅዎንና የነካውን ቦታ ሁሉ በሳሙና ይታጠቡ። ጠፍጣፋና ደረቅ ከሆነ ግን ዋጋው በውስጡ ካለው ሥጋ ሳይሆን በላዩ ካለው ጽሑፍ ነው፤ ልጅዎ ጽሑፉን ፎቶ ታንሣው፣ የጎረቤትዎን ታሪክም ከአፋቸው ሰምታ ትጻፈው፣ ጣሳውን ደግሞ ወደ ክፍል ሳትወስዱት ለአካባቢው ሙዚየም ስልክ ደውላችሁ ይቀበሉት እንደሆነ ጠይቁ። መልስ እስኪመጣ ድረስ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ፣ ከምግብ ዕቃ ተለይቶ፣ ልጅ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።